የተኩላው ልብስ

ቡዳ ውቅያኖስ አይሻገርም ብዬ አስብ ነበር። ቪዛ ማን ይሰጠዋል? ግን ተሻግሯል። ሲልቨር ስፕሪንግ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ ያመጣነውም እኛው ነን።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2010፣ ያ ታላቅ በረዶ አውቶቡሱን ሁሉ ያስቆመበት የካቲት ነው። ከሰዓት በኋላ ልብሴን ላወጣ ስወርድ ጎረቤቴን እትዬ ስሂንን አገኘኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከአንዱ ማድረቂያ ቀይ የሱፍ ሻርፕ ጎተት አድርገው፣ ጫፉን በትንሽ መቀስ ቆረጡ። ቁራጩን ጨበጡና ሻርፑን መልሰው ከተቱት።

«እትዬ፣ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የዚያች ልጅ ነው። ልጄን በልታዋለች። ዝም በል ኪዳኔ፤ አንተ አስተማሪ ነህ፣ ይሄ አይገባህም።»

ገባኝ እንጂ! ልጃቸው ዕዝራ ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። እጮኛው ማርያማዊት እዚሁ አጠገባችን ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ልጅ ናት፤ አያቷ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበሩ ብቻ ቡዳ ናት ተባለች። የቡዳው ልብስ ቁራጭ ተቃጥሎ በሽተኛው ጭሱን ሲታጠን ቡዳው ይለቀዋል ሲሉ እኔም በልጅነቴ ሰምቻለሁ። ተናደድኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ልጅቷ ራሷ ገባች። ዕዝራን ልትጠይቅ መጥታ እትዬ ስሂን በር አልከፍትም ስላሏት፣ መመለሻም ስላጣች፣ የረጠበ ልብሷን እያደረቀች እዚያው ተጠግታ ኖሯል።

«እንደምን ዋሉ እትዬ» ብላ እጅ ነሳች።

እትዬ ስሂን አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ፣ እሷ እንድትሰማ አድርገው።

ማርያማዊት ሻርፗን አወጣች። የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ዳበሰችው። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ማድረቂያዎቹ አጓርተው ቆሙ። መውጫው በር ላይ ካለችው ቀይ መብራት በቀር ብርሃን የለም። አሳንሰሩም ቆሟል፤ እትዬ ስሂን የሚኖሩት ዘጠነኛ ፎቅ ነው፣ ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አያስወጣቸውም። ቡዳ ካሏት ልጅ ጋር ጨለማ ውስጥ ቀሩ። ትንፋሻቸው ሲፈጥን ይሰማኛል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ብርድ ብርድ አለኝ።

«ጅብ ያሉት እኔን ነው አይደል?» አለች ማርያማዊት ከጨለማው ውስጥ። «ዩኒቨርሲቲ የምሠራው ሪሰርች ስለ አንዲት የፈረንሳይ ገጣሚ ነው፤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የነበረች ሴት። ስለ ራሷ የነገረችን ስሟንና አገሯን ብቻ ነው፤ መቃብሯን እንኳ የሚያውቅ የለም። ሰው በቃል የሚያወርሰውን ተረት እየሰማች በግጥም ጻፈችው። ምቀኛም ነበረባት፣ ግን አልተወችም።»

«ሴት ያኔ ትጽፍ ኖሯል?» አሉ እትዬ ስሂን ሳያስቡት።

«ትጽፍ ነበር። አንዱ ግጥሟ ተኩላ ስለሚሆን ባል ነው። ልብሱን ደብቆ ጫካ ይገባል፤ ሲመለስ ለብሶት እንደገና ሰው ይሆናል።»

«በስመ አብ! እኛም አገር እንዲሁ ነው የሚሉት!»

«ሚስቱ ፈራችው። ፈርታ ልብሱን አሰረቀችበት።»

«ደግ አደረገች!»

«ሰውየው ልብሱን አጥቶ ተኩላ ሆኖ ቀረ። ሰው ግን አልበላም፤ ለአደን የመጣው ንጉሥ እግር ላይ ወድቆ እንደ ሰው ምሕረት ለመነ። ታዲያ እትዬ፣ አውሬ አድርጎ ያስቀረው ማን ነው? ጫካው ነው?»

እትዬ ስሂን በመነጽራቸው ወደ ጨለማው አፈጠጡ። የሆነ ቦታ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ድንገት እትዬ ስሂን ጮኹ።

«ዓይን! ኪዳኔ፣ ዓይን! እዚያ ውስጥ አለች!»

ዞርኩ። በማድረቂያው ክብ መስታወት ውስጥ ሁለት ዓይኖች ቀልተው ያበራሉ። ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

ማርያማዊት ግን መጥታ ከእሳቸው ጎን ተንበረከከች። «እስቲ ራስዎን ነቅነቅ ያድርጉ።»

ነቀነቁ። ዓይኖቹም ተነቃነቁ።

«መነጽርዎ ነው እትዬ። የበሩ መብራት አርፎበት ነው።»

እትዬ ስሂን መስታወቱን ሲያዩ ቆዩ። በአንድ እጃቸው መቀሱን፣ በሌላው ቁራጩን እንደያዙ ነበር።

«የኔ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ዓይኑ የኔ ነው?»

«ዕዝራን የሚበላው ሌላ ነገር ነው» አለች ልጅቷ። «ኮል ሳደርግለት ውሃ ጥም ገደለኝ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ ከስቶ አልቋል፤ ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ያስመልሰዋል። አጎቴን እንዲህ አድርጎ የጣለው ስኳር ነው። ጭስ አያድነውም፣ ኢንሱሊን ነው የሚያስፈልገው። እናቴ ካልፈቀደች ሐኪም ቤት አልሄድም ይለኛል። እባክዎ፣ አምቡላንስ ልጥራ። ከዳነ በኋላ ከፈለጉ አላገባውም።»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል እትዬ። ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ የታረሰ እህል በልተን አድገን፣ ቀጥቃጩን ሰው በላ አልነው። ነውሩ የማን ነው?»

እትዬ ስሂን ጭብጣቸውን ከፈቱ። ቁራጩ በላብ ርሷል።

«ልብስሽን ውሰጂ ልጄ። ደውዪ!»

ስልኳ ሲበራ ፊቷ ታየን፤ በእንባ የራሰ የሰው ልጅ ፊት ነው።

አምቡላንሱ በረዶ የሚዝቅ መኪና እየተከተለ ደረሰ። በሽታው እንዳለችው ስኳር ነበር፤ ሐኪሙም እስከ ማግስቱ ቢቆይ አይተርፍም ነበር አለን። ዛሬ ዕዝራ መርፌውን ራሱ ይወጋል፣ ሥራ ይሠራል፣ ማርያማዊትንም አግብቷል። እትዬ ስሂን በየማኅበሩ «ልጃችሁ ሲከሳ ሐኪም ጥሩ እንጂ ሰው አትጠርጥሩ» እያሉ ይመክራሉ፤ ሰምተው ልጆቻቸውን ያስመረመሩ እናቶችም አሉ። መቃብሯ የማይታወቀው ሴት የጻፈችው ተረት ከስንት ዘመን በኋላ አንድ የሐበሻ ልጅ አተረፈ። ትምህርት ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ቁራጩን እትዬ ስሂን በገዛ እጃቸው ሻርፑ ላይ መልሰው ሰፍተውታል። እስከ ዛሬ ግን ምድር ቤቱ ሲወርዱ፣ ማድረቂያው ጋ ከመድረሳቸው በፊት መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

«ለምን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያቺ ጅብ እንዳትመለስ ብዬ ነው» አሉኝ።