የአሰልጣኝ ኦርቪል ታንስታድ አጭር ውርወራ

አሰልጣኝ ኦርቪል ታንስታድ ከአባታቸው ከአቶ ኤይናርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገርዳ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ እዚሁ ዛፍ በማይበዛበትና ነፋስ በማያርፍበት የሰሜን ዳኮታ ስንዴ አገር ተወለዱ። ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቀው ወደዚሁ ከተማ በመመለስ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምሩና ኳስ በእጅ እየወረወረ የሚጫወተውን የትምህርት ቤቱን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሲያሰለጥኑ ኖረዋል። በ1962 ወይዘሪት ማርዲስ ሊንድን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሣር ነጭተው ሽቅብ እየበተኑ የነፋሱን አካሄድ ያዩ ነበር፤ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይህንኑ ሲያደርጉ ሙሽራዪቱ ደርሳባቸዋለች። የቡድኑን ልጆች «አምስት እርምጃ ወርውሩ፣ ቀሪውን በእግራችሁ ሮጣችሁ ጨርሱት፤ ረጅሙ የነፋሱ ነው» ይሏቸው ነበር። ቁርስ ቤት የሚሰበሰቡት ገበሬዎች «ኦርቪል፣ መቼ ነው እንደ ወንድ አርቀህ የምታስወረውረው?» ሲሏቸው፣ «ነፋሱ የሞተ ዕለት፣ ቀብሩ ላይ!» ብለው ያስቋቸው ነበር።

በ1974 የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ በሁለት ነጥብ እየበለጥን ሳለ ኳሷ ርቃ ተወረወረች፤ ነፋሱም አየር ላይ ይዟት ባላጋራ ቀለባት፣ ዋንጫውንም ወሰደብን። አሰልጣኙ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ። በዚያ ክረምት ከሥራ ከመባረር ለጥቂት ተረፉ፤ ገበሬዎቹም ለዓመታት «ነፋሱን ሳትነግረን ቀበርኸው እንዴ?» ሲሏቸው አብረው ይስቁ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን አይስቁም ነበር።

ባለፈው ክረምት በሳንባ ሕመም ተኝተው ሳለ፣ የያኔው ኳስ ወርዋሪ ዌንደል ብሬኪ መጥቶ አልጋቸው ሥር አለቀሰ። «አጭሩን አዘውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያራቅሁት። ሰው ይወቅልኝ» አላቸው። እሳቸውም «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። ስሞት፣ ሐሳብህን ካልለወጥህ፣ ማርዲስ ታስጽፈው። ደግሞ ልትወረውርለት ሩቅ ያየኸው ልጅ እውነትም ያለ ጠባቂ ብቻውን ነበር፤ ዓይንህ አልተሳሳተም» አሉት። ዌንደል ሐሳቡን አልለወጠም፤ ይህ እንዲነበብ ትናንት ዳግመኛ ለምኗል፣ ዛሬም ሳጥናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ ነው።

አሰልጣኝ ኦርቪል በሰማንያ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርዲስን፣ ልጆቻቸውን ካረንንና ሶልቬግን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አምስት እርምጃ ያስተማሯቸውንም ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ማርዲስ ደጃፍ ወጥተው ሣር በተኑ፤ ሣሩም እግራቸው ሥር ወደቀ። ነፋሱ ዐርፏል። የነፋሱ ጌታ እግዚአብሔር የኦርቪልንም ነፍስ እንዲሁ ያሳርፍልን።