የተቀነሰው ባሌስትራ
አሮጌው ሚኒባስ ከሁሩሙ ወደ መቱ በጭጋግ ውስጥ ይጓዛል። ግማሹ ተሳፋሪ አንቀላፍቷል። ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ ሾፌሩን ያዋሩታል።

«ይቺ መኪና ዛሬ ምን ነካት? ሌላ ጊዜ አንጀታችንን ነበር የምታወጣው።»

«ከሥሯ አንድ የባሌስትራ ብረት ቀንሼላት ነው፣ ጋሼ።»

«ተሰብሮ?»

«አይ፣ ደህና ነበር። ለቡና ጭነት ብዬ ያስደረብኩት ነው። ባዶዋን ስትሆን እሱ ነው የሚያንገጫግጫት።»

«ቡናው ሊደርስ አይደል? በምን ልትጭን ነው?»

«ዘንድሮ ሰው ብቻ ነው የምጭነው።»

«ያዋጣሃል ልጄ?»

«አያዋጣም። ግን ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያው ጨንግፎባታል። ሐኪሙ ከመኪናው አይደለም ብሎኛል፤ እኔ ግን ያኔ በዚቺ መኪና የተንገጫገጨችውን መርሳት አቃተኝ።»

«አሁን የት ናት?»

«ለክትትል መቱ እየወሰድኳት ነው። ያቻትና፣ ከኋላዎ ሰው ላይ ተደግፋ ተኝታለች። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት ገና ዛሬ አየሁ።»

ሽማግሌው ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዋቅኒ ሃ ኤጉ፣ እግዜር ይጠብቃት።»

«አሜን፣ ጋሼ።»

መቱ እስክንገባ ድረስ፣ ጭንቅላቷን ያሳረፈችበትን ትከሻዬን አላንቀሳቀስኩም።