ከታቤላው ማዶ ያለው እርሻ

ከንቲባ ኦርቪል ስታውፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወደ ከተማው መውጫ ይሄዱና ወፍ ያበላሸችውን ታቤላ ይወለውላሉ። «ብሬተን፣ ካንሳስ። የሕዝብ ብዛት 20,014» ይላል። ቁጥሩን ከሃያ ሺህ ለማሻገር ሲሉ ወኅኒ ቤቱን ከነእስረኞቹ ወደ ከተማው ክልል ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

ከታቤላው ማዶ የመርል ኪዘር የስንዴ እርሻ ይጀምራል። መርል «ከከተማችሁ አልቀላቀልም» ካለ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከንቲባው ያኔውኑ «ያልተቀላቀለ ውሃ አያገኝም» የሚል ደንብ አወጡ። መርልም እስከ ዛሬ ውሃ በቦቴ ያስመጣል።

በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ዳርላ በዚያ ስታልፍ አየቻቸውና መኪናዋን አቆመች።

«አጎቴ፣ ደኅና አደሩ? እንኳን አገኘሁዎ። ሰኞ ምክር ቤት ሳይገቡ ላነጋግርዎ ፈልጌ ነበር።»

«ስለ ዘይት ፋብሪካው ከሆነ መልሴን ታውቂዋለሽ። የድሮው ጫማ ፋብሪካ መሀል ከተማ ባዶውን ቆሟል። እዚያ ይግቡ!»

«እዚያማ አይሆንም። ፋብሪካውን የሚተክሉት የቬትናም ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያፈሱት የአሜሪካ መኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ነው። ሕጉ ገጠር ላይ ለሚሠራ ሰው ያነሰ ገንዘብ ነው የሚጠይቀው፤ ወረፋውንም ያሳጥርለታል። ሃያ ሺህ ሰው የሞላው ከተማ ደግሞ ገጠር አይባልም።»

ከንቲባው ቀና ብለው ታቤላውን አዩት። ቁጥሩ በዛባቸው፤ እንዲህ ሲሰማቸው የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

«የተረፈው አሥራ አራት ሰው ነው እኮ!»

«ለሕጉ ይበቃል።»

«ታዲያ የት ሊሠሩ ነው?»

ዳርላ በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተች። ጨርቁ ከከንቲባው እጅ ባልዲው ውስጥ ወደቀ።

«መርል? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ ያለው ሰውዬ አሁን ሊሸለም?»

«መሬቱ ከክልላችን ውጭ ስለሆነ ገጠር ነው። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ሳይቀላቀል ቧንቧ ይግባለት ብለው ይፈርሙ።»

«ይቀላቀልና ይጠጣ!»

«ከተቀላቀለማ እሱም ከተማ ሆነ። ሰዎቹም ወደ ጎረቤት አውራጃ ይሄዳሉ።»

«ደንብ ደንብ ነው፣ ልጄ።»

«ይቅርታዎን አጎቴ፣ ይሄ ቅናት ነው።»

«ቅናት አይደለም። የሰውዬው ሣር አምሮ ሲታይ አልወድም፤ ያ ሌላ ነገር ነው።»

ዳርላ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እስቲ ይንገሩኝ፤ መቶ ሃያ ሠራተኛ ማታ የት ሊያድር ነው? በመርል ስንዴ ውስጥ? ቤት የሚከራየው ብሬተን ነው። ልጁንም የሚያስገባው ዘንድሮ ሁለት ክፍል በዘጋንበት ትምህርት ቤት ነው። ደግሞስ ጆሊን ሥራ ፍለጋ ዊቺታ ልትሄድ ዕቃዋን እየሸከፈች አይደል?»

ጆሊን የልጅ ልጃቸው ናት፤ እሁድ እሁድ ምሳ አብራቸው የምትበላ እሷ ብቻ ነች። ከንቲባው ጨርቁን ከባልዲው አውጥተው ለረጅም ጊዜ ጨመቁት።

«ላብራቶሪ ይኖረዋል? እሷ የተማረችው እሱን ነው።»

«ይኖረዋል።»

«መርል ይሄን ሁሉ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«ይስቃል?»

«ትንሽ።»

ሰኞ ዕለት ከንቲባው ሁለት ጊዜ እስክሪብቶ ቀይረው ፈረሙ።

በሁለተኛው ዓመት ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ሠራተኛው ሲወጣ መኪናው ሁሉ ወደ ብሬተን ይታጠፋል። የተዘጉት ክፍሎች ተከፈቱ፤ ጆሊንም ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ለእሁድ ምሳ መምጣት ጀመረች። አንድን ሥራ ከድንበር ወዲህ ካልሆነ ብሎ ከማጣት፣ ከድንበር ወዲያ ተክሎ ፍሬውን መብላት እንደሚሻል ከንቲባው ራሳቸው በየስብሰባው ያስረዱ ነበር። የመርልን ስም ግን አያነሱም።

አንድ ቅዳሜ ታቤላውን ሲወለውሉ መርል የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማውን እየጎተተ መጣ። ከኋላው ያለው ሣር ከከንቲባው ግቢ ሣር ይልቅ ለምልሟል።

«ኦርቪል፣ ዞር በል ላጥበው። ውሃው የናንተው ነው።»

ከንቲባው ሣሩን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ዞርም አሉ።

«ከላይ ጀምር» አሉት። «ቁጥሩን ቀስ አድርገህ።»