የሚነሣው በር

ሽማግሌው ብረት በያጅ ከመደብር የገዙትን የብየዳ ዘንግ፣ ኤሌክትሮድ፣ በብብታቸው ይዘው ሲመለሱ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ልጅቱ በሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ነርስ ናት። የበያጁን ሚስት ባለፈው ዓመት መናኸሪያ ውስጥ የፈነዳ ቦምብ ስለ ወሰደባቸው፣ የቀረቻቸው ዘመድ እርሷ ብቻ ነበረች።

«ወዴት ነው ጥድፊያው?»

«ወደ አዳራሹ ነው፣ አጎቴ። የኑክሌር ጦር መሣሪያ በአገራችን ሊተከል ነው ስለ ተባለ፣ የሆስፒታል ሠራተኞች ተቃውሟችንን ልናሰማ ተሰብስበናል።»

የበያጁ ፊት ጠቆረ። «ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ? ቦምብ የሚጠመደው እዚያ አይደለም እንዴ? አትሄጂም! ነይ ወደ ቤት።»

ያሳደጓትን ሰው በመንገድ ላይ መሟገት ነውር መሰላትና ተከተለቻቸው። ከግቢው ሲደርሱ የብየዳ መሣሪያው ከብረት በሩ ሥር ተዘርግቷል። በሩ በሁለት ሰው ወደ ላይ ከተነሣ ከማጠፊያው የሚወጣ ነበር።

«ዛሬ ማጠፊያውን እበይደዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አይነቅለውም» አሉ። «ያ ኑክሌር የምትዪው ከሰፈራችን ማንን ገደለ? እስቲ ንገሪኝ። ሽብር ግን በጠዋት ስቃ የወጣችውን ሚስቴን በላ። ደጅ የቆመውን ጅብ ትቶ ከተራራ ማዶ ያለውን ማሳደድ ምን ይባላል?»

«ሽብር ትንሽ ነው አላልኩም፤ የተጎዱትን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ታማርጪኛለሽ?»

«ላማርጥዎ አይደለም። ያን ዕለት እትዬን ከመናኸሪያ ማን አነሣት?»

«ጎረቤቶቼ ናቸዋ።»

«በምን?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ተመለከቱ። ቃሬዛ በጠፋበት በዚያ ሰዓት፣ ጎረቤቶቻቸው ይህንኑ በር ከማጠፊያው አውጥተው ነበር የተሸከሟት።

«እስከ ማታ ቆየችልኝ» አሉ በቀስታ። «እጇን ይዤ ተሰነባበትን።»

«አዎን። መንገዱ ነበረ፣ ሆስፒታሉ ነበረ፣ ተሸካሚም ነበረ። ኑክሌር ሲወድቅ ግን የሚያነሣውም ከሚነሣው ጋር ይቃጠላል፤ የተረፈውን የሚጠብቀው የተመረዘ ውኃ ነው። በመናኸሪያው ፍንዳታ ብቻ አልጋችን ሞልቶ ሰው መሬት ላይ አስተኝተናል። ሰው ‹ቀባሪ አታሳጣኝ› ብሎ የሚጸልየው ለምን ይመስልዎታል?»

ሰው አደጋን የሚለካው በራሱ ቁስል ነው። ይህ ከሐዘን የሚመጣ ስለሆነ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ጠባሳውን ሲዳስስ የኖረ እጅ ከበላዩ የሚወርደውን አይከላከልም።

«አሸባሪውን ሁላችን እንረግመዋለን» አለች ቀጥላ። «ተደብቆ ነው የሚሠራው። ይህኛው ግን በበጀትና በማኅተም፣ በእኔና በእርስዎ ስም ይሠራል።»

«ብትጮኹስ ማን ይሰማችኋል?»

«ማንም ላይሰማን ይችላል።»

«አንቺ ልጅ፣ ማባበል እንኳ አልተማርሽም!»

«ዋሽቼ ላባብልዎ? ዝም ካልን ግን መርቀን እንደ ተቀበልን ይቆጠራል።»

በያጁ ወደ በሩ ጠጋ ብለው ማጠፊያውን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያም ሳይበይዱት ኤሌክትሮዱን መደርደሪያ ላይ አኖሩና «ኮቴን ልልበስ፤ ብቻሽን አትሄጂም» አሏት።

በአዳራሹ ውስጥ ከመውጫው አጠገብ ተቀምጠው፣ የገባውን ሰው ሁሉ ቦርሳ ሲመለከቱ አመሹ። ከወንበሮቹ የሚበዙት ባዶ ነበሩ። ንግግሩ በጭብጨባ ተፈጸመ፤ መሣሪያውም ዓመቱ ሳይሞላ መጥቶ ተተከለ።

እንግዲህ ምን ተጠቀሙ ቢባል፣ ጥቂት ነው። ፈርተው የበራቸውን ማጠፊያ ያስበየዱ ጎረቤቶች የሽማግሌውን በር አይተው ወደ እርሳቸው እየመጡ ብየዳውን አስቆረጡ። ነርሷ ቁስል ማሰርን አስተማረቻቸው፤ አደጋ ሲደርስም የማን በር ለማን ቃሬዛ እንደሚሆን ተስማሙ። ከፍንዳታው ወዲህ የገባው እርስ በርስ መጠራጠር ቀርቶ ሰላምታ ተመለሰ። ሽብር ዳግመኛ ቢመጣ ብቻውን የሚወድቅ ሰው አይኖርም። ለትልቁ እሳት ግን ይህ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ ሳይመጣ መከልከል እንጂ ከመጣ በኋላ ማዳን እንደሌለ በሰፈሩ የማያውቅ ሰው አልቀረም። ስለዚህም ስብሰባ በተጠራ ቁጥር፣ እንደማይሰሙ እያወቁ ይሄዳሉ።

ሽማግሌው ከስብሰባው ሲመለሱ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ፤ የሚያነሣ ሰው እስካለ ድረስ ይነሣ ዘንድ።