ሱሪውን የሚጠብቀው ርዕሰ መምህር

ሐሙስ ጠዋት የቀሚሴን ዚፕ ላስቀይር ልብስ ሰፊያችን ዘንድ ሄድኩ። ዚፑማ ሰበብ ነው፤ የተሰበረውን መስኮት በዓይኔ ሳላይ ማውራት አላስችል ብሎኝ ነው። ሰውዬውን ሰፈሩ «ልኬ» ነው የሚለው፣ ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ። ስደርስ መስታወቱን ጠርጎ ጥግ ላይ ሰብስቦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ ወጣ። ልኬና አንድ ሰው ትልልቅ ጥቅል መኪና ላይ ሲጭኑ ይታያል። ከላዩ አንድ ድምፅ «ይሄ ከሃዲ ለሚያርዷችሁ ሰዎች የጦር ልብስ ይሰፋል፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ማክሰኞ ስምንት ተማሪዎች ከክፍል እንደወጡ መጥተው መስኮቱን በድንጋይ አወረዱት።

ገና ከመቀመጤ ከመጋረጃው ጀርባ የሰው ሳል ሰማሁ። ሳሉን አወቅኩት። ርዕሰ መምህሩ ነው፤ ተማሪዎቹ «ጸጥታ» የሚሉት፣ ሰልፍ ላይ ሌላ ቃል ስለማያወጣ። የሱሪው እግር ረዝሞበት ሊያሳጥር መጥቶ፣ ሱሪው ስፌት መኪናው ላይ፣ እሱ መጋረጃ ጀርባ።

በዚህ መሀል የጎረቤቴ ልጅ፣ መምህርቷ፣ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለችው ልኬን።

«አንቺ ደሞ ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ጥፋቴ እሱ ነው። ሰኞ አንዷ ተማሪዬ እጇን አውጥታ "መምህር፣ ቪዲዮው እውነት ነው?" አለችኝ። ክፍሉ ጭጭ ብሎ አፍ አፌን ያያል። እኔ ምን አልኩ? መጽሐፋችሁን ገጽ አርባ ሁለት ላይ ግለጡ። በማግስቱ ድንጋይ ይዘው እዚህ መጡ።»

«ትክክል ነው ያደረግሽው» አለ መጋረጃው።

ልጅቷ ክው አለች። «ማነው?»

«አለቃሽ ነው» አልኳት። «አትፍሪው፣ ሱሪ የለውም።»

«መመሪያው ግልጽ ነው» አለ ሳቄን እንዳልሰማ ሆኖ። «የስልክ ወሬ ክፍል አይገባም።»

«ገብቷል እኮ ርዕሰ መምህር። የወጣነው እኛ ነን።»

«ስምንቱን ነገ አባርራለሁ። ደብዳቤው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ሌላው አይቶ ይማራል።»

«ሲባረሩ የት የሚሄዱ ይመስልዎታል? ያ ስልክ ውስጥ ያለው ሰውዬ በሩን ከፍቶ እየጠበቃቸው ነው። እሱ ጠዋት "ወንድሜ"፣ ከሰዓት "ጀግናዬ" ይላቸዋል። እኛ "ዝም በሉ" እንላቸዋለን። እርስዎ ልጅ ቢሆኑ ወደ ማን ይሄዳሉ?»

«ይሄ የወላጅ ሥራ ነው!»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። በእሱ ብቻ አይደለም፣ በራሴም ነው። «የቱ ወላጅ?» አልኩት። «እኔ አያት ተብዬዋ ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ቪዲዮውን ለአራት ሰው አሳይቻለሁ። ማሳየት ብቻ መሰለህ? "ጥቅሉ ውስጥ መሣሪያም አለ አሉ" ብዬ ጨው ነሰነስኩበት። ማን አለ? ማንም አላለም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያቺው የራሴ መሣሪያ በሌላ ሴት አፍ፣ በመሐላ ተመለሰችልኝ።»

የልኬ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

«እማማ፣ ለምን አላጣሩም?» አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

«ማጣራትማ ከእኔ ወዲያ ለአሳር ነው። ሃምሳ ዓመት ወሬ ያዋለድኩ ሴት ነኝ። አይተሽ ነው ሰምተሽ? ከማን ሰማሽ? ነጋሪዋ ከምታማት ሴት ጋር ተጣልታለች ወይ? ይሄን ሳልጠይቅ የሰው ስም አላነሳም። ስልኩ ግን ምስል ሲያሳየኝ እኔው ራሴ ያየሁት መሰለኝ።»

«ይኸው» አለች ወደ መጋረጃው ዞራ። «ላስተምር የምለው ይሄንኑ ነው። ግን እኛ መምህራኑም አናውቅበትም፤ ተማሪ ሲጠይቀን እንደነግጣለን። መጀመሪያ እኛ አብረን ተቀምጠን እንለማመድ። ከዚያ አርብ አርብ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡን። ስብከት የለም፣ ቁጣ የለም። ቪዲዮውን ከፍተን ማን ቀረጸው፣ መቼ፣ ምን ቆርጦ ጣለ፣ እኛ ስንናደድ የሚጠቀመው ማነው ብለን ከልጆቹ ጋር እንጠይቃለን።»

«ቆሻሻ በእጄ ክፍል ላስገባ? እኔ ያንን ነገር አላየሁም፣ አላይምም» አለ፣ እንደ ትልቅ ሙያ።

ልኬ ተነሳ። ስልኩን ከፍቶ በመጋረጃው በላይ አቀበለው። «ይዩት» አለው።

የዚያ ሰውዬ ድምፅ ሱቁን ሞላው። አለቀ። እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ይሄ ጀርባውን የሰጠው... ግራ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚሸከመው... የእኛ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ አይደለም?» አለ።

«ነው።»

«ጥቅሉስ?»

«ያዘዙኝ የስፖርት ቱታ። ሁለት መቶ አስር። የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ልጆቹ ድንጋዩን ሲወረውሩ እሱኑ ለብሰው ነበር፤ የገዛ ስፌቴን አላጣውም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰኞ ጠዋት መጥቼ ነበር። ጥበቃው "ርዕሰ መምህሩ ስለ ስልክ ወሬ አያነጋግሩም" ብሎ መለሰኝ።»

ስልኩ በመጋረጃው በላይ ተመለሰ።

«ሦስት ቃል ነበር» አለ ርዕሰ መምህሩ። «ልብሱ የእኛ ነው። ሰኞ ሰልፍ ላይ ብናገራት አልቆ ነበር።» ያ የማባረሪያ ደብዳቤ ታጥፎ እንደነበረ በመጋረጃው ሥር ወጣ። «አርብሽን ውሰጂ። የመጀመሪያውን ቀን እኔ እናገራለሁ። አሁን ሱሪዬን።»

ሱሪው በወሬው መሀል አልቆ ከጎኔ ተቀምጦ ኖሮ፣ እኔ ሳላውቅ ተቀምጬበት ነበር። ሰጠሁት፤ የካውያው መስመር ግን ተበላሽቷል።

መምህራኑ ቅዳሜ ተሰብስበው ተለማመዱ። በቀጣዩ አርብ ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ፣ መልሱ በእጁ ሳለ ጥያቄውን መከልከሉን ተናገረ። መምህርቷ ያ ድምፅ የሚለጥፍበትን ገጽ ስታስፈትሻቸው፣ ከሦስት ወር በፊት ሌላ ከተማ ስላለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ያንኑ ቃል በቃል ብሎት ተገኘ። ከስምንቱ አንዱ ራሱን ዴስኩ ላይ ደፋ። መስታወቱን ስምንቱም በእጃቸው ገጠሙ፤ ልኬ ቆሞ እየለካ፣ እየገሠጸ።

ጥቅሙን ካላችሁኝ እነግራችኋለሁ። ከትምህርት ቤቱ የተባረረ የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሰፈራችንን ጫማ ጠጋኝ የሚሰድብ ሌላ ቪዲዮ ሲመጣ፣ ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት ስልኩን ይዘው መምህርቷ ዘንድ ሄዱ። ጠጋኙ ዛሬም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ወሬ ልጀምር ስል የልጅ ልጄ «አያቴ፣ አይተሽ ነው ሰምተሽ?» ትለኛለች፣ በገዛ ቃሌ።

ያ ድምፁን ያወጣው ሰውዬ ግን የትም ይሁን፣ የእሱ መስኮት ደህና ነው። ይሄ እስካሁን አንጀቴን ያሳርረዋል። ልኬ መስኮቱን ከሰበሩት ካንዱ ድንጋይ ጋር ተላምዷል፤ ጨርቅ ሲቆርጥ እንዳይሸሽበት ዳሩን ይጭንበታል። የቀሚሴንም ዚፕ ሲቀይር ጨርቁን የጫነው በእሱ ነው።