ጸበል የተወሰደችው እናት

ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወደ ቁረይሻ ለማሽላ አጨዳ በሚወስደን ሎሪ ላይ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳና አንዲት ሴት ሳይተዋወቁ ወሬ ይዘዋል።

«እኔ የህንድ ፊልም ነው የምወደው። ተኩስ የበዛበት ይሰለቸኛል» አላት።

«ቋንቋውን ታውቃለህ?»

«የት አውቄ። ስደተኛ ካምፑ ውስጥ ሲያሳዩን፣ ከታች የሚጻፈውን ዐረብኛ አንድ የመተማ ሰው እየጮኸ ይተረጉምልን ነበር።»

«ጎበዝ ነዋ።»

«ውሸታም ነው እንጂ። በአንዱ ፊልም የዋናው ልጅ እናት ታማ ተኛች። አበባ ጣል ጣል አርገውባት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ። ‹ጸበል እየወሰዷት ነው፣ ትድናለች› አለን። አብረውን የሚያዩት ሴቶች እልል አሉ።»

«ዳነች?»

«ዐረብኛ ከለመድሁ በኋላ ገዳሪፍ ሲኒማ ቤት ገብቼ ደግሜ አየሁት። ሞታለች።»

«አልተናደድህበትም?»

«ምን ያናድደኛል፣ እታለም? ያን ጊዜ ከረሃቡ ስንሸሽ እናቴን መንገድ ላይ ቀብሬ ካምፑ ከገባሁ ገና ሳምንቴ ነበር። አብዛኞቻችን ሰው ቀብረን ነው የገባነው። እውነቱን ቢነግረን አንችለውም ነበር። እግዜር ይስጠው።»

«ታዲያ አሁን የቱን ትወዳለህ?»

«የሱን።»

እኔም ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከዚያው ረሃብ ስሸሽ መንገድ ላይ የቀበርኋትን እህቴን በቃሬዛ ጸበል ሲወስዷት አየሁ።