ካፒቴኑ «ይቃዣሉ»

እስቲ ፍረዱኝ! አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም አንድ ጋናዊ ሽማግሌ አሉ። ልብስ ባለበስኳቸው ቁጥር፣ ዓሣ አጥማጅ ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር የእግር ኳስ ክለብ እንዳቋቋሙ፣ ካፒቴኑም እሳቸው እንደነበሩ፣ የመጀመሪያውን የጎል መረብም ካረጀ የዓሣ መረብ እንደሰፉት ይነግሩኛል። ነርሷ፣ ያውም የአገሬ ልጅ፣ የሕክምና ቻርታቸው ላይ «ይቃዣሉ» ብላ ጻፈች።

ሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው የመጣው የቫን ሾፌርም ጋናዊ ነበር። ገና ሲያያቸው ኮፍያውን አውልቆ «ካፒቴን!» አለ። «ከክለቡ ጋር የተነሡት ፎቶ አባቴ ሳሎን ተሰቅሎ ነው ያደግኩት» ብሎ እጃቸውን ሳመ። ደሜ ፈላ። ነርሷን ጠርቼ «በይ አሁን ሰርዢው!» አልኳት።

«አንዴ ሲስተም ውስጥ ገብቷል፤ አይሰረዝም» አትለኝም!

«እንግዲያው ጨምሪበት፤ ሾፌሩም ይቃዣል፣ እኔም እቃዣለሁ!» ብያት የካፒቴኑን ዊልቸር እየገፋሁ ወጣሁ።